የቀረው እንክብል

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ትልቋ ልጄ በስምንት ዓመቷ ቶንሲል ይመላለስባት ነበር። ያልፋል ብለን ችላ አልነው። ቀጥሎ ጉልበቷና ክርኗ እያበጠ ያማት ጀመር። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ሕመሙ ከመገጣጠሚያዋ አልፎ የልቧን ቫልቭ ጎድቶት ነበር። ቫልቭ ማለት ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር ነው፤ ልብ 4 አለው። ከዚያ ወዲህ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች።

በአሥራ አራት ዓመቷ መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ያማት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ማታ ማታ ያተኩሳት፣ ሌሊት ያልባት ጀመር፤ ምግብም አስጠላት። እናቷ ‹‹ምች ነው›› ብላ በዳማከሴ አሸቻት። እኔ ደግሞ ‹‹መርፌዋን አላቋረጠች፣ ልቧን ምን ይነካዋል?›› ብዬ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዛሁላት። በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። አልሐምዱሊላህ ብለን የቀረውን እንክብል ለሌላ ጊዜ አስቀመጥነው። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ብሶ ተመለሰ፤ ጥቂት ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

የሆስፒታሉ ሐኪም ‹‹ኡስታዝ፣ ምን ሰጥተዋት ነበር?›› ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳይቆጣ አስረዳኝ። ከታመመው ጥርሷ ሳይገባ የማይቀር ጀርም በደም ተጉዞ በተጎዳው ቫልቭ ላይ ተራብቷል። ጀርሙን ለይቶ ለማወቅ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ ደም ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። የእኔ እንክብል ግን ጀርሙን ሳይጨርሰው ከምርመራ ሰወረው። ወርኃዊው መርፌም ቁርጥማቱ እንዳያገረሽ ይከላከላል እንጂ ለዚህኛው አይበቃም። ከቫልቩ ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ሽባ ሊያደርጋት ይችል ነበር።

6 ሳምንት ሙሉ በደም ሥሯ መድኃኒት ሲገባ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ሌሊት ‹‹አባ፣ ያ የቀረው እንክብል አለ አይደል? እሱን ልዋጥና ቤት እንሂድ›› አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ልጄ በአላህ ፈቃድ ተርፋለች። ቫልቯ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ያፈሳል፤ ወደፊት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። ተወኩል ግመልን ካሰሩ በኋላ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! በቤቴ ግን ገመዱን እንዳሰርኩ መስሎኝ የፈታሁት እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ቶንሲል አትናቁ። ልቡ የታመመ ልጅ ካላችሁ ጥርሱን በመፋቂያም በብሩሽም ይጠብቅ፤ ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ስለ ልቡ ለሐኪሙ ንገሩት። ትኩሳት ሲይዘው ደሙ ሳይመረመር ከመድኃኒት ቤት እንክብል አትግዙለት። ሐኪም ያዘዘውንም ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።