የአቀበት ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ ላይ፣ በደቡብ አየርላንድ ሊዝሞር በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ አንዲት ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላት ሁለት ስጦታ ተቀበለች። አንደኛው ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረ ብስክሌት፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው ሲገልጠው የኖረ አትላስ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጅቷ ከከተማዋ አጠገብ ያለውን ዳገት በብስክሌቷ ስትወጣ ጎንበስ ብላ እግሮቿን ተመለከተች። እግሮቿ ይዞራሉ፤ መንገዱም ወደ ኋላ ይቀራል። እነዚህ እግሮች ሥራቸውን ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ ሕንድ አገር ድረስ ሊያደርሷት እንደሚችሉ በዚያች ቅጽበት ተገለጠላት። ትልልቆቹ እንዳይሥቁባት ግን ሐሳቧን ለማንም ሳትናገር በልቧ ይዛ አደገች።

ይህች ልጅ ኋላ በጉዞ መጻሕፍቷ የታወቀችው ደርቭላ መርፊ ናት። ከዚያች ዳገት ተነሥታ ዴልሂ እስክትገባ ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጅቶባታል። ከዚህ ሁሉ ዘመን በጎዳና ላይ ያለፈው ስድስት ወር ብቻ ነው። ለመሆኑ የቀረው የት ገባ?

የቀረው በአንዲት ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አለፈ። የደርቭላ እናት በጽኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ተይዛ ከእንቅስቃሴ ታግዳ ነበር። ልጅቷ በአሥራ አራት ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ አስታማሚ ሆነች። በመካከሉ እናቲቱ ራሷ እየገፋፋቻት በአውሮፓ አገሮች አጫጭር የብስክሌት ጉዞ ማድረጓ አልቀረም፤ የኋለኞቹ ዓመታት ግን ቤቱን እንደ እሥር ቤት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1961 አባቷ፣ በ1962 እናቷ አረፉ። ደርቭላም በ1979 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ የእናቷ ሞት ከሐዘን ጋር የነፃነት ስሜትም እንዳመጣባት ሳትደብቅ ጻፈች። ይህን ለመጻፍ የሚጠይቀው ድፍረት በጨለማ ከተኩላ ጋር ከመጋፈጥ የሚያንስ አይደለም።

ከተኩላ ጋርም ተጋፍጣለች። ጉዞዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 1963፣ አውሮፓ በብርቱ ቁር በተያዘችበት ክረምት ነው። ብስክሌቷን፣ በሴርቫንቴስ ድርሰት ውስጥ ዶን ኪሆቴ በሚጋልበው ከሲታ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብላ ሰየመቻት። የማርሽ መቀያየሪያዋ የእስያን ኮረኮንች አይችልም ብላ ገና ከመነሣቷ በፊት አስነቀለችው። እንግዲህ የቀራት መቀያየሪያ የራሷ ጉልበት ነበር። መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ በባቡርና በጭነት መኪና እየተሳፈረች አለፈች። ዩጎዝላቪያ ውስጥ በሌሊት ተኩላዎች ሲወርዱባት በሽጉጥ ተከላከለች። በቱርክና በኢራን በኩል ዘልቃ አፍጋኒስታን ገባች። በዚያም በተሳፈረችበት አውቶቡስ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ የጠመንጃ ሰደፍ አረፈባትና ሦስት የጎድን አጥንቶቿ ተሰበሩ። ይሁን እንጂ በመጽሐፏ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በፍቅር የተነሣው ሕዝብ ያው የአፍጋኒስታን ሕዝብ ነው። ብቻዋን የመጣችውን ሴት ማታ ማታ ከገበታው ያቀረባት፣ ምንጣፉን ያነጠፈላት እርሱ ነውና። “የመሸበት የእግዜር እንግዳ” የሚለው አባባል የአንድ አገር ብቻ ንብረት አለመሆኑን ከእንዲህ ያለው መንገደኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ፓኪስታን ስትደርስ ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አጋጠማት። ከራዋልፒንዲ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጊልጊት የሄደችው በአውሮፕላን ነው። የካራኮረም አውራ ጎዳና በዚያን ጊዜ ገና አላለቀም። ከአውሮፕላኑ መስኮት ሆና በዓለም ላይ ከታወቁት ታላላቅ ተራሮች መካከል ያሉትን ቁልቁል ተመለከተች። ከበረራው በኋላ ግን በደስታዋ ላይ እፍረት ታከለበት። ያን መሰል ትዕይንት በላብ ሳይገዙ ማየት ማታለል መስሎ ተሰማት።

ይህች እፍረት ከመላው ጉዞ ይልቅ ልትጤን የሚገባት ናት። አውሮፕላኑ ከዓይን የሰወረው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ቁንጮውም፣ ሸለቆውም፣ ወንዙም በግልጽ ይታያል። ያልሰጠው የነገሮቹን ክብደት ነው። በአየር ለሚያልፍ ሰው ተራራ መልክ ነው፤ በእግሩ ለሚያልፍ ሰው ግን ተራራ ጊዜ ነው፣ ጥም ነው፣ በምሽት የሚታይ የአንድ ጎጆ ጭስ ነው። ደርቭላ ስትመለስ አውሮፕላኑን ተወችው። በኢንደስ ሸለቆ የሙቀት ንዳድ ተዝለፍልፋ፣ ወዲያው ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በሚበልጠው የባቡሳር በር ላይ ብስክሌቷን በበረዶ ውስጥ እየገፋችና እየተሸከመች ተሻገረች። የምትጋልባት ሮሲናንቴ በዚያ ቀን ሸክሟ ሆነች።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይታለፍም። ድካምን በራሱ ማመስገን ይገባልን? በዚያ ተራራ ላይ ጭነት ተሸክሞ የሚመላለሰው ገበሬ በየዓመቱ ይደክማል፤ መጽሐፍ ግን አይጻፍለትም። የእርሱ ድካም በምርጫ የመጣ አይደለምና። በፈቃዱ የሚደክም መንገደኛ ያሻው ጊዜ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ትኬት አለው። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ የጉዞ ደራሲ የሌላውን መከራ ለራሱ ጌጥ ያደርገዋል።

ደርቭላ መርፊን ከዚህ ስሕተት የጠበቃት ምን ይሆን? መልሱ ከጎዳናው ላይ ሳይሆን ከሊዝሞሩ ቤት የሚገኝ ይመስላል። ያልመረጡትን ድካም ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ሰው ሳያጨበጭብለት፣ ቀኑ ሳይቆጠርለት፣ ሌሊት እየተነሣ ሌላውን ሲያገላብጥ ምን እንደሚሰማው ታውቃለች። ስለዚህም በየጎጆው ስትገባ እንደ ጀግና ሳይሆን ሥራ እንደሚያውቅ ሰው ተቀመጠች።

ሐምሌ ላይ ዴልሂ ስትደርስም ይኸው ታየ። ያሰበችበት ደርሳለች፤ ወደ አገሯ ብትመለስ የሚወቅሳት አልነበረም። እርሷ ግን ወደ ዳራምሳላ አቅንታ በቲቤት ስደተኞች ሕፃናት ጣቢያ ለወራት አገለገለች። እ.ኤ.አ. ከ1959 ወዲህ እነዚያ ስደተኞች የሂማላያን በሮች የተሻገሩት አገር ለማየት ሳይሆን ነፍሳቸውን ለማትረፍ ነው። በአየርላንድ ሕመምተኛ ያጠቡ እጆች በሕንድ ተራራ ሥር ሕፃናት አጠቡ። እንደ ባከነ ይቆጠር የነበረው ዘመንም ስንቅ ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያዊው አንባቢ ይህችን ሴት በሌላም መንገድ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ወርዳ፣ ጆክ ብላ የሰየመችውን በቅሎ እየሳበች፣ በሰሜን ተራሮች በኩል አድርጋ እስከ አዲስ አበባ ተጉዛለች። መጽሐፉም በ1968 ታትሟል። በቅሎ ይዞ አቀበት መውጣት ለዚህ አገር ሰው ወሬ አይደለም፤ ጭነት ሲያዘነብል ማቃናት፣ የበቅሎን ድካም ከራስ ድካም አስቀድሞ ማየት የዕለት ተግባር ነው።

ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022፣ በዘጠና ዓመቷ፣ በዚያችው በሊዝሞር አረፈች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የአሥር ዓመቷ ልጅ የወጣችው ዳገት ዛሬም ከከተማዋ አጠገብ አለ፤ ረጅም አይደለም፤ በአውሮፕላን ለሚያልፍ ሰው ከነጭራሹ አይታይም።