የድሬ ልጅ አያቱን ሲፈልግ

ድሬዳዋን በእግሩ ማየት የሚፈልግ በጠዋት ይነሣ። ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስወጣም። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነሥተው በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሲሄዱ ቀጥ ያሉ መንገዶችንና ሰፋፊ በረንዳዎችን ያያሉ፤ የፈረንሳይ መሐንዲሶች የቀየሱት ሰፈር ነው። ደቻቱን ሲሻገሩ መጋላ ይቀበልዎታል፤ ከፊራ ገበያ፣ ግርግሩ፣ በአንድ ወሬ ውስጥ የሚቀላቀል ሦስት ቋንቋ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው ስለከለከለው ታች ሜዳው ላይ ቀረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች። ሐዲድ የሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ሰው ይሰፍራል። ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመን ዓረቡ፣ ሕንዱ መጣ። ብቻውን መጥቶ ትዳሩም ልጁም እዚሁ የሆነ ብዙ ነው። ዛሬ የልጅ ልጆች ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ባለባርኔጣ ሰውዬ እያዩ “ማን ነበር? ከየት መጣ?” ይላሉ።

የእኛ ስም አሰጣጥ ፈላጊውን ያስቸግረዋል። የቤተሰብ ስም የለንም። ያኒ የተባለ ግሪክ ልጁን ጴጥሮስ ቢለው የልጅ ልጁ ሰሎሞን ጴጥሮስ ያኒ ይባላል፤ ከሰሎሞን የሚወለደው ግን ያኒን መታወቂያው ላይ አያገኘውም። በወዲያኛው አገር መዝገብ ሰውየውን ለማግኘት የሚያስፈልገውን የግሪክ የቤተሰብ ስም ደግሞ ከመጀመሪያውም የጠራው ላይኖር ይችላል። ለጎረቤት “ሙሴ ያኒ” ይበቃ ነበር።

የሚገርመው የእናት ወገን ነው። ሴቲቱ ሶማሌ ወይም ኦሮሞ ከሆነች የዘመዶቿ ሽማግሌ ሳይጽፍ ሳያነብ አሥርና ከዚያ በላይ አባት ይቆጥርላታል፤ ሶማሌዎች አብቲርሲ ይሉታል። አማራ ከሆነችም ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ወረቀት ከሞላበት አገር የመጣው አያት ግን አንድ ስም ላይ ይቆማል።

ከሁሉ የሚከብደው የጣሊያን ዘር ፍለጋ ነው። ጣሊያን ድሬዳዋን የያዘችው በግንቦት 1928 ዓ.ም. ነው። ከወታደሩ ጋር ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ መንገድ ሠሪው መጣ። ብዙዎቹ ከአገሬው ሴት ጋር መኖር ጀመሩ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ ይህን ወንጀል አደረገው፤ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር የተገኘ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል ተባለ። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው ከዚህም የከፋ ነው። ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን “ልጄ ነው” ብሎ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። ክልሱ በሕግ የእናቱ ወገን ብቻ ሆነ፤ የማሳደጊያውም ወጪ የእሷ።

እንግዲህ “የአያታችን አባት የት ተመዘገበ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንዳንዴ ይኸው ነው። መዝገቡ አልጠፋም፤ እንዳይጻፍ ተከልክሎ ነበር። “አባትሽ ካደሽ” ሲባሉ ላደጉ ሰዎች ይህን መስማት ትንሽ እፎይታ ይሰጣል። በእርግጥ የካዱም አሉ፤ እነሱን በሕጉ አሳበን ልናነጻቸው አይገባም።

መጋላ ውስጥ ቡና ያጠጡኝን አንዲት አዛውንት፣ “እማማ፣ አባትዎን ያስታውሷቸዋል?” አልኳቸው።

“አቦ ተወኝ ልጄ፤ ያሳደገችኝን ጠይቀኝ!” አሉና የእናታቸውን ታሪክ ጀመሩ፤ ከፊራ ጉሊት ተቀምጣ እንዴት እንዳሳደገቻቸው። በአንድ ሰዓት ወሬ ውስጥ የአባታቸው ስም የተነሣው ሁለት ጊዜ ነው።

ፍለጋውም ቢሆን የሚጀመረው ከእናትየው ነው። ሙሉ ስሟ፣ የትውልድ ቦታዋ፣ ልጁ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ይይዛል፤ ልጁ ኋላ ሲያገባም በዚያው ገጽ ጠርዝ ላይ ይጻፋል። የአባት ቦታ ባዶ ቢሆን እንኳ የክርስትና አባት ስም አለ፤ እሱ ደግሞ የአባትየው ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የአባትየው የትውልድ ከተማና ዓመት ከተገኘ በዚያ አውራጃ ባለው የጣሊያን ቤተ መዛግብት የወታደር መዝገቡን መጠየቅ ይቻላል። ብዙ የልደትና የጋብቻ መዛግብት “አንቴናቲ” በተባለው የጣሊያን መንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። ለፈረንሳዊ አያት መንገዱ ናንት ከተማ ነው፤ የቆንስላዎች የቆየ ሰነድ የተሰበሰበው እዚያ ነው።

ቀን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። በአንድ የድሬ ሳጥን ውስጥ አራት ዓይነት አቆጣጠር ሊኖር ይችላል፤ የእኛ፣ የፈረንጅ፣ የሂጅራ፣ በዚያ ላይ ግሪክ እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ትጠቀምበት የነበረው አሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር። ሰባትና ስምንት ዓመት ላሳሳተ ደብዳቤ የሚመጣው መልስ “አልተገኘም” ነው።

ይህ ሁሉ ሳጥኑ ካለ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የስንቱ ቤት ፎቶና ወረቀት አብሮ ሄዷል። በእጅዎ ያለውን ዛሬውኑ በስልክ ያንሱት፤ የፎቶውን ጀርባም ጭምር፤ ስምና ቀን የሚጻፈው እዚያ ነው።

ለልጆች አስቀድሞ መንገር የሚገባ ነገርም አለ። ወዲያ ማዶ ያለው ቤተሰብ ስለ እኛ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ አያትየው እዚያም ሚስትና ልጆች ነበሩት ይሆናል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ውርስና ፓስፖርት አያንሣ፤ ፎቶው ይላክና “ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?” ይበቃል። ስለ ፓስፖርት ካነሣን ጣሊያን በ2017 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በዘር ሐረግ ዜግነት መጠየቅን በጥቅሉ እስከ አያት ድረስ ገድባዋለች። በቅድመ አያት ስም ለደላላ ገንዘብ ሊከፍል የተነሣ ሰው ይህን ይወቅ።

ድሬ ከሄዱ ከምሳ በኋላ በሙቀቱ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ሁሉም ቤቱ ነው፤ ረጅም ወሬ የሚወራውም ያን ጊዜ ነው። ስልክዎን መቅረጫ ላይ አድርገው፣ አስፈቅደው ይቀመጡ። በመጀመሪያ ስለ እናትየው ይጠይቁ።