160 ስዕልና አንድ ሙዚቃ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ክበባችን እየሠራው ስላለው የ20 ሰኮንድ አኒሜሽን ፊልም ነው። 20 ሰኮንድ ብቻ ብላችሁ እንዳትስቁ። ሲኒማ ቤት በሚታይ ፊልም በ1 ሰኮንድ 24 ምስል ያልፋል። እኛ በ8 ተስማምተን እንኳ 160 ጊዜ መሳል ግድ ሆነብን።

ያን ሁሉ ወረቀት ከየት እናምጣ? መላውን ያገኘነው ከሠዓሊ እዝራ ውቤ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው እዝራ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂሳብ» የሚል አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ስለከፈለች መኪና ሲመጣ ንቅንቅ አትልም፣ ፍየል ሳትከፍል ስለወረደች ትሮጣለች፣ ውሻ መልሱን ስላልተሰጠው እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። እዝራ በአንድ ሸራ ላይ ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ መልሶ ይቀባል። እኛም በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሳልን፣ በቲቸር ስልክ ፎቶ አነሳን፣ አጠፋን፣ እንደገና ሳልን። አፍንጫችን ሁሉ ጠመኔ ሆነ!

የሳልነው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርድ እናት ነው። ሸክሙ በግራና በቀኝ መንገዱን ይሞላል፣ ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ ይታያል።

ጭቅጭቁ የመጣው በሙዚቃው ነው። ፊልሙ ንግግር ስለሌለው ክላሲካል ፈለግን (እኛ ሰፈር ዘፋኝ የሌለውን ሁሉ ክላሲካል ነው የምንለው)። መጀመሪያ አንድ ፈጣን የጭፈራ ምት ስንከፍት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እግሮቹ የሚጨፍሩ ይመስላሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ አያቴ በዚያ ቁልቁለት ስንት ዓመት እንጨት ተሸክማለች። ቀጥሎ የሙላቱ አስታጥቄን «ትዝታ» ከፈትን። ያው ስዕል፣ አንድ መስመር ሳይቀየር፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ቅድም ከሁሉ በላይ የሳቀው ልጅ «ውይ፣ ማን ባገዛት» አለ። ቲቸርም በዚህ ይሁን አሉ።

ፊልሙን በወንድሜ ስልክ ለአያቴ አሳየኋት። ሦስቴ አየችውና «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ዝም የምንለው ሽቅብ ስንወጣ ነው፣ ጥበቃ እንዳይሰማን። ስንወርድማ እናወራለን፣ እንሳሳቃለን። ሸክም ላይ ቀስ ካልሽ ጉልበትሽ ይከዳሻል። ደግሞ ጓደኞቼስ የታሉ? ያን ቁልቁለት ብቻዋን ማን ይወርዳል?»

ይህን ለክበቡ ስነግር መጀመሪያ ሁሉም አጉረመረሙ፤ ስዕሎቹ ጠፍተዋላ! በኋላ ግን ተስማማን። አሁን ሦስት ሴቶች ናቸው። ሙዚቃው ደግሞ የሙላቱ «የከርሞ ሰው» ሆኗል፤ አይሮጥም፣ አያለቅስም፣ የሚራመድ ሰው ይመስላል። አያቴ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ አስተያየት ግን አልሰጠችም።

እስካሁን 94ኛው ስዕል ላይ ደርሰናል። ነጭ ጠመኔ አልቆብናል፤ የተረፋችሁ ክፍሎች ለክበቡ ብታበድሩን ፊልሙን ቶሎ ታያላችሁ።