የማይበላ ዓሣ

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ከሚኖርበት ቤት ጓሮ ጉድጓድ ሊቆፍር መሆኑን በስልክ ሲነግረኝ መጀመሪያ አዘንኩለት። «እዚያም ውሃ በፈረቃ ሆነ እንዴ?» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ። «የዓሣ ኩሬ ነው ጋሼ። ፏፏቴም ይኖረዋል። ክረምት ላይ መምጣትህ ካልቀረ አካፋ ትይዛለህ።»

እንግዲህ እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ለባሕር ዳር ልጅ ዓሣ ማለት ተጠብሶ፣ ጠርዝ ጠርዙ ከርሮ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር የሚቀርብ ቆሮሶ ነው። ወንድሜ ያሰበው ግን ኮይ የተባለ፣ ከካርፕ ዘር የሆነ፣ የሚያዩት እንጂ የማይበሉት ባለ ቀለም ዓሣ ነው። ነገሩ የተጀመረው በጃፓን፣ ኒጋታ በሚባል አገር ነው። የዚያ ሩዝ ገበሬዎች ካርፕ የሚያረቡት በረዶ መንገድ ሲዘጋባቸው ሊበሉት ነበር። በ1800ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ቀይና ነጭ ሆነው የሚወለዱትን እየለዩ ማዳቀል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ ላይ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ሲታዩ ከተሜው ጉድ አለ፤ ከዚያ ወዲያማ ነገሩ ከእጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ኮይ ጃፓን ውስጥ በጨረታ ወደ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ይህን ሲነግረኝ በሆዴ ወደ ብር ማባዛት ጀምሬ መሀል ላይ ተውኩት። «የኔዎቹ ሃያ ሠላሳ ዶላር ናቸው፣ አትደንግጥ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አውሮፕላኑ ላይ የወጣሁት ቂም ቢጤ ይዤ ነው። አገር ቤት የአክስት ልጅ የኮሌጅ ክፍያ አጥታ ቤት ውላለች፤ ይሄ ሰውዬ ለማይበላ ዓሣ ፏፏቴ ይሠራል! በ1990 ዓ.ም. እንደወጣ አገሩን አልረገጠም። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት። ለአገሩ ያልተረፈ ሰው ለጃፓን ዓሣ እንዴት ተረፈ? ይህችን ይህችን እያልኩ ነው ውቅያኖሱን የተሻገርኩት።

በደረስኩ ማታ ግን ከኪስ ቦርሳው አንድ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። የድሮዋ የአንድ ብር ኖት። ታስታውሷት እንደሆን በአንድ በኩል የልጅ ፊት፣ በሌላው በኩል ጢስ አባይ ነበረባት። በላስቲክ አስለብጦ ይዟታል። «ፕላኑ ይሄ ነው» አለኝ፣ ፏፏቴውን በጣቱ እየነካ።

እናታችን የጢስ አባይ ሰው ናት። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እዚያው አያታችን ዘንድ እንከርም ነበር። ፏፏቴው እስከ 45 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሲሞላ ስፋቱ ወደ 400 ሜትር ይጠጋል። ጢሱ ከሩቅ ፊት ያርሳል። እናታችን ድምፁን ሰምታ የውሃውን ልክ ትናገር ነበር፤ «ዛሬ ጎንደር ዘንቧል» ትላለች፣ የኛም ደስታ ማግስቱን ወርዶ ማየት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። ወንድሜ ግን በኪሱ ይዞት ይዞራል።

የፈረንጅ አገር ቁፋሮ በአካፋ አይጀምርም፣ በስልክ ነው የሚጀምረው። 811 ይደወላል። ከዚያ ሰዎች መጥተው ከመሬት በታች የሚያልፈውን ሁሉ በቀለም ያሰምሩልሃል፦ ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ መብራት፣ ሰማያዊው ውሃ። የወንድሜ ጓሮ የሕፃን ደብተር መሰለ። እኔ ዶማው ሲያርፍበት ነው መስመሩ የሚታወቀው በሚባልበት ከተማ ስለምኖር ሣሩ ላይ ቆሜ ለብዙ ጊዜ ሳየው ቆየሁ።

ቀጥሎ ወንፈል ተጠራ። አዎ፣ ወንፈል። ሦስት ቅዳሜ ስምንት ያህል ያገር ልጆች እየመጡ ቆፈሩ። ታክሲ ነጂ አለ፣ ነርስ አለ፣ አገር ቤት መሐንዲስ የነበረና እዚያ ሌሊት ጥበቃ የሚያድር አለ። አፈሩ የሚጣበቅ ቀይ ሸክላ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ እርጥብ ነው፣ ላብ አይደርቅም። ጉድጓዱ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ከዚህ ካነሰ ክረምት ብርዱ፣ በጋ ሽመላው ይፈጃቸዋል አሉ። ሽመላዋን መግደል በሕግ ክልክል ስለሆነ ያለው ብልሃት ዳር ቆማ እንዳታጠምድ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ብቻ ነው። የወጣውን አፈር በካሪዮላ እያመላለስን አንደኛው ጫፍ ላይ ከመርነው፤ የፏፏቴው ኮረብታ እሱ ሆነ። መሐንዲሱ ከውሃ ልኩ ጋር ተጣብቆ ዋለ። ዳሩ በሁለት ጣት ቢዛባ ውሃው ባንዱ በኩል ይፈሳል፣ በሌላው በኩል ጎማው አፍጥጦ ይታያል። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ውሃ ልክ አስይዞኝ አያውቅም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። የወንድሜ ባለቤት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ስታወጣ «ጋሽዬ፣ እርስዎ ይብቃዎት፣ ወገብዎ» ትለኛለች። ወገቤስ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ነው ያለቀው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ጉድጓዱ አፍ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን ተቀመጥን። መሽቷል። ገና ምንም አልተነጠፈበትም፤ ቀይ አፈር ብቻ። አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ ሰው ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬን ስንት ቀን ነው የደበቅከኝ?»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ታሪኩን ማወቅ አለበት። እናታችን ያረፈችው በ1995 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። ወንድሜ ያኔ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ይጠብቃል፣ ወረቀት የለውም። ከወጣ መመለስ የለም። ታላቅ ነኝና ወሰንኩ፦ ቃለ መጠይቁ እስኪያልፍ አይነገረው። የሰፈር ሽማግሌዎችም «ደግ ብለሃል» አሉኝ። መርዶ እኛ ዘንድ ወግ አለው፤ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። እዚያ ማን ተሰብስቦ ያረዳዋል? ብቻ ቃለ መጠይቁ ተራዘመ፣ መርዶውም አብሮ ተራዘመ። በመጨረሻ ያረዳው ከባሕር ዳር የሄደ የሰፈራችን ሰው ነው። የሰማ መስሎት «እግዜር ያጥናህ» አለው፣ ወንድሜ ይሠራበት በነበረው የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የሰው መኪና ቁልፍ እጁ ላይ እንዳለ።

«ሃምሳ ሁለት ቀን» አልኩት። ቆጥሬው አውቃለሁ።

«ሦስቴ ደውዬ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስቴም ቤተ ክርስቲያን ናት አልከኝ።»

ብያለሁ። የተቀበረችው ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሰምና ወርቅ አስተምር ነበር፤ እንዲህ ያለ ሐረግ ለማውጣት አልቸገረኝም። ይባስ ብሎ፣ ስልኩን ስዘጋ አልዋሸሁም ብዬ በብልሃቴ የተጽናናሁበት ጊዜም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ለመድኃኒቷ ሁለት መቶ ዶላር ላክሁ።»

«ደርሷል።»

«ምን አደረግከው?»

«ለተዝካሯ ዋለ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ ጀመረ። «የእናቴን ተዝካር ሳላውቅ ደግሻለኋ!» እያለ ሳቀ፣ ደገመው፣ ሳቁ መሀል ላይ ሳቅ መሆኑ ቀረ። እኔ ደግሞ ማቀፍ እያለልኝ አካፋ አንስቼ የተስተካከለውን ዳር እንደገና ማስተካከል ያዝኩ። በዚያ ጨለማ ምን እንደማስተካክል እግዜር ነው የሚያውቀው።

ጠዋት ስነሳ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ብርድ ልብስ የሚመስለውን ጨርቅ እያነጠፈ «ጋሼ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ጨርቁ ሹል ድንጋይና ሥር ጎማውን እንዳይበሳው ነው። በላዩ ላይ ጥቁሩ ጎማ ተነጠፈ፤ 8 ሜትር በ6 ሜትር ተኩል። የጥልቀቱን እጥፍ ርዝመቱም ላይ ወርዱም ላይ ጨምሮ፣ ለዳሩ ደግሞ ትንሽ ተርፎ ነው የሚገዛው። አራት ሰው ያስጎነብሳል። ከኩሬው ሥር ፓምፕ፣ ከኮረብታው ራስ ላይ ማጣሪያ ሣጥን ገባ። ፓምፑ ውሃውን ይስባል፣ ማጣሪያው ያልፍበታል፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ በሦስት እርከን ተመልሶ ይወርዳል። ፏፏቴው ለጌጥ ብቻ አይደለም ለካ፤ ውሃው ሲወድቅ ነው አየር የሚያገኘው፣ ዓሣውም የሚተነፍሰው።

ከሁሉ ያደከመን የድምፁ ነገር ነው። ውሃ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ይንጫጫል፣ ውሃ ላይ ሲወድቅ ይጎላል፤ ከኋላው ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ ያጓራል። ወንድሜ የላይኛውን ድንጋይ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ እያደረገ «እንዴት ነው?» ይለኛል። «ሻወር ይመስላል።» ያነሳዋል። «አሁንስ?» «ባልዲ ይመስላል።» ሁለት ቀን እንዲህ ዋልን። 1 ሜትር ከ20 ከማትሞላ ኮረብታ ጢስ አባይን ማስጓራት እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቃለን። ብቻ ማንም አላለም።

በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ዛሬም እንደዚያው ነው? አሁን ክረምት አይደል፣ ሞልቶ ይሆናላ» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣው «እንዴታ!» የሚል ነበር። ምን ይጎዳል? ሰውየው ሩቅ ነው፣ በኪሱ የያዘው ብር ላይ እንደሞላ ነው። ዋጥ አደረግኩትና ነገርኩት። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ እየተጠለፈ ለዓመታት ገደሉ ራቁቱን እንደቀረ፣ በ1998 ዓ.ም. ሄጄ ከዚያ ሁሉ ስፋት አንድ ነጭ ክር ብቻ እንዳየሁ፣ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው «መብራት ሆኖ ሄደ» እንዳሉኝ፤ ሁሉንም።

«አይቻለሁ» አለኝ። «ዩቲዩብ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። ትዋሸኝ እንደሆነ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

ድንጋዩን ትቶት ገባ። ያ ድንጋይ እንደቆመ ቀረ፤ የባልዲ ድምፅ ነው ያለው።

ኩሬው 15 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። በማግስቱ ሞላ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ጥርት አለ፤ ሳንቲም ብትጥል ሥሩ ላይ ጽሑፉ ይነበባል። «ዓሣዎቹስ?» አልኩ። ወንድሜ ሳቀብኝ። አዲስ ውሃ ሲጠራ ነው አሉ የሚያታልለው። የቧንቧው ክሎሪን በመድኃኒት ይከሸፋል፣ እሱ ቀላል ነው። ዓሣ ግን ሲተነፍስ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ አይታይም፣ ይገድላል። ያንን ወደ ሌላ የሚቀይሩ ባክቴርያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚቀይሩትም ያው መርዝ ነው፤ ሁለተኛዎቹ መጥተው ያንን መልሰው ሲቀይሩት ነው ለተክል ማዳበሪያ የሚሆነው። ባክቴርያዎቹ እንዲለምዱ ወንድሜ ራሱ በልክ በልኩ አሞኒያ ይጨምርላቸዋል። ማታ ማታ ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ ጠብታ ያንጠባጥባል፤ አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ፣ ቢጫ ሆኖ ሲቀር ተርፈናል። መብራት ላይ አንስቶ ያሳየኛል። «አረንጓዴ» እላለሁ። እሱም «አረንጓዴ» ይልና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ወደ አገሬ እስክመለስ አረንጓዴ ነበር። ስለዚህ የእኔ ላብ የፈሰሰበትን ኩሬ ዓሣ ሳይገባበት ነው የማውቀው።

አውሮፕላን ማረፊያ ሲሸኘኝ ስለ እናታችን አልተነሳም። የአክስታችንን ልጅ የኮሌጅ ክፍያ አነሳሁ። «ስንት ነው?» አለ፣ ነገርኩት፣ ላከ። ከኩሬው ይልቅ ለዚህ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ያን ያህል አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልክ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚያመጣ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቀዋል። ልቤ እየደለቀ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ሰባት አስገብቼ ነበር። አንዷ ሞተች» አለኝ። ቀይና ነጯ። አዲስ ቦታ ሲገቡ መዝለል ይወዳሉ አሉ፣ መረብ ሳይጋርድ ለአንድ ቀን ትቷቸው ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ሣሩ ላይ ደርቃ አገኛት።

«ታዲያ በዚህ ሌሊት...» አልኩት፣ መብራቱን እየፈለግኩ።

«ያገኘኋት አሁን ነው። ወዲያው ነው የደወልኩልህ» አለኝ።

ከበስተጀርባው ውሃው ይወርዳል። አሁንም ባልዲ ይመስላል።