ሱቡታይን በማውስ ማዘዝ

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን የተጫወተ ሰው የሞንጎሉን የጦር አዛዥ ሱቡታይን ያውቀዋል። በ1999 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ይህ ጨዋታ በጄንጊስ ካን ዘመቻ ውስጥ የራሱ ስም ያለው ጀግና አድርጎ ያመጣዋል። እንዲህ ያለ ጀግና ላይፉ ከተራው ወታደር ይበልጣል፤ ምቱም ይከብዳል። ብዙዎቻችን ከፊት እናሰልፈዋለን፣ ላይፉ ሲመናመን ወደ ኋላ እንስበዋለን።

ጨዋታውን እወደዋለሁ፤ የሞንጎሎችን ታሪክ እንዳነብ የገፋኝም እሱ ነው። ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ የእውነተኛው ሱቡታይ ኃይል ክንዱ ላይ አልነበረም።

የተወለደው በ1175 ገደማ ከኡሪያንካይ ጎሳ ነው። የካን ዘር አይደለም፤ በወጣትነቱ ወደ ጄንጊስ ካን ሰፈር ገብቶ በችሎታው ወጣ። በ1220 ከሌላው የሞንጎል አዛዥ ከጄቤ ጋር የኽዋራዝሙን ሻህ መሐመድን እንዲያሳድድ ተላከ። ሻሁ ወደ ካስፒያን ባሕር ደሴት ሸሽቶ እዚያ ሲሞት ሁለቱ አዛዦች ወደ ቤት አልዞሩም። ጆርጂያን መትተው ካውካሰስን ተሻገሩ፤ በ1223 ካልካ ወንዝ አጠገብ የሩስ መሳፍንትንና የኪፕቻቆችን ጦር ገጠሙ። ለቀናት የሸሹ መስለው አስከተሉት፣ ሰልፉ ሲላላ ዞረው ደመሰሱት። እስቲ አስቡት፤ ቀናት ሙሉ የሚሸሽ ጦር የምር ሽሽት እንዳይሆንበት ማድረግ ምን ያህል ሥርዓት ይጠይቃል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሚያዝያ 1241 ነው። በ9ኛው ቀን አንደኛው የሞንጎል ክንፍ ፖላንድ ውስጥ ሌግኒጻ ላይ ድል አደረገ። በ11ኛው ቀን፣ ከካርፓቲያን ተራሮች ወዲያ፣ የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ባቱና ሱቡታይ የሃንጋሪውን ንጉሥ ቤላ 4ኛን ሞሂ ላይ ገጠሙት። ባቱ በሻዮ ወንዝ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ሲዋጋ፣ ሱቡታይ ከታች በኩል በሌሊት ሌላ መሻገሪያ እየሠራ ነበር። ዘገየ፤ ባቱም ብዙ ሰው አለቀበት። የቻይናው የዩዋን ሥርወ መንግሥት ታሪክ እንደሚለው ባቱ በኋላ ወቀሰው፤ ሱቡታይም እናንተ ዘንድ ውኃው ጥልቅ አልነበረም፣ ድልድይም ነበራችሁ፣ እኔ ዘንድ ግን ጥልቅ ነበር ሲል መለሰ። ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ጦርነቱን ያሸነፈው ሰው በዚያ ሌሊት ሲያስብ የነበረው ስለ እንጨትና ስለ ውኃ ጥልቀት ነው። የሃንጋሪዎች ሰፈር ሲከበብም ሞንጎሎቹ አንድ በኩል ክፍት ተዉለት፤ ተጨንቆ ቆሞ ከሚዋጋ ጠላት ይልቅ የሚሸሽን መግደል እንደሚቀል ያውቁ ነበር።

ታዲያ ሱቡታይ ስክሪኑ ላይ ካለው ፈረሰኛ ይልቅ ማውሱን ለያዘው ተጫዋች ይቀርባል። ልዩነቱ ተጫዋቹ ከተራራ ወዲያ ያለውን የራሱን ጦር በአንድ ጠቅታ ማየቱ ነው፤ ትእዛዙም ወዲያው ይደርሳል። ሱቡታይ የነበረው ፈረሰኛ መልእክተኛ፣ ቀድሞ የተሰበሰበ የስለላ ወሬ፣ በሩቅ ባሉ አዛዦች ላይ ያለው እምነት ነበር።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ፤ ይሄኛው የበለጠ ይከብደኛል። ከተማ ሲወድም የድል ጽሑፍ ይመጣና ሚሽኑ ያልቃል። በእውነቱ ታሪክ ግን በኋላ ሃንጋሪ የደረሰው ይኸው ጦር በ1240 ኪየቭን አጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ በኩል ያለፈው የሮማው ጳጳስ መልእክተኛ ጆቫኒ ካርፒኒ በየሜዳው የሰው ራስ ቅልና አጥንት እንዳየ፣ ከትልቋ ከተማም የቀረው 200 ቤት ያህል ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ሱቡታይን እንደ አዛዥ ባደንቀውም ይህን ከስሙ ለይቼ ማየት አልችልም።

የምመኘው ሚሽን ይህ ነው፦ ሱቡታይ ከኋላ ይቁም፣ ላይፉም እንደማንኛውም ሰው ይሁን። ሌላው ክንፍ አይታየኝ፤ ትእዛዜ በፈረስ ሄዶ ይዘግይ፤ መሻገሪያው ሳያልቅ ይንጋ። ከድሉ በኋላም ጨዋታው ሳይዘጋ ባቃጠልኩት ከተማ በኩል አልፌ እንድሄድ ያድርገኝ።