በሐሙሲት ገበያ ስለ ግብር ምሕረት የተጠየቅነው ጥያቄ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ፥ ጣናን በስተ ግራው አድርጎ ሲጓዝ፥ የጉማራን ወንዝ ከመሻገሩ አስቀድሞ በደራ ወረዳ ውስጥ ካለች አንዲት የገበያ ከተማ ይደርሳል። ስሟ ሐሙሲት ይባላል፤ ስሙም የወጣላት ከገበያዋ ቀን ከሐሙስ ነው። እኛም በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ስናልፍ ቀኑ ሐሙስ ሆኖ ስላገኘነው፥ ከመኪናችን ወርደን ገበያውን ልናይ ወደድን።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ጤፉና ዳጉሳው፥ ሽንኩርቱና በርበሬው በየመደቡ ተዘርግቷል፤ ከፎገራ ሜዳ የመጣው ሩዝም በጆንያ ተሞልቶ ተደርድሯል። ሩዝ ለዚህ አገር ባላገር የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ከጤፍ ጋር እየተደባለቀ እንጀራ እስኪሆን ድረስ ቤተኛ ሆኗል።

ከአንዲት በርበሬ ሻጭ ባልቴት መደብ ደርሰን «እሜቴ፥ ገበያው እንዴት ዋለ?» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ እግዜር ይመስገን፤ ገበያውስ ደኅና ነው። የሚያሳስበኝ የልጄ ነገር ነው» አሉን። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ተቀምጣለች። በባሕር ዳር በመሠራት ላይ የነበረው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ለሥራ ልትሄድ አስባለች። ለዚያ ሥፍራ ግብር ይማርለታል ሲባል ሰምተው ኖሮ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ለመሆኑ ግብሩ የሚማረው ለባለ ፋብሪካው ነው ወይስ ለልጄ? እኔስ ለዚች ለመደቤ እንኳ እከፍላለሁ።»

በዚያ ሰዓት የሚገባ መልስ አልሰጠናቸውም። ነገሩ ግን ከልባችን ስላልጠፋ፥ በኋላ መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

በዚህ አገር ገበያና ቀረጥ ከጥንት ጀምሮ የተያያዙ ናቸው። ከሐሙሲት በስተ ሰሜን ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሟ የተጠራ ገበያ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ነጋዴው ከምጥዋ ወደ ጎንደር፥ ከጎንደርም ወደ ጎጃም ሲጓዝ በየኬላው ይቀረጥ ነበር። ኬላ በበዛ ቍጥር ዕቃው ይወደዳል፤ ስለዚህ ቀረጥን ማቅለል ንግድን እንደሚስብ አባቶቻችን ሳያውቁት አልቀሩም።

የዛሬው አሠራር ግን ከዚህ የሰፋ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቍጥር 886 መንገዱን ከፈተ። በወቅቱ በነበረው ደንብ ፓርክ የሚያለማ ሰው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከሆነ ለ10 ዓመት፥ ከዚያ ርቆ ከሆነ ግን ለ15 ዓመት ከገቢ ግብር ነጻ ይሆናል። ርቆ ለሚሄደው አምስት ዓመት የተጨመረለት ሀብት ሁሉ በአንዲት ከተማ እንዳይከማች ታስቦ ነው። ፋብሪካ የሚያቆመውም መሣሪያውን ያለ ቀረጥ ያስገባል። በ1895 ዓ.ም. በምድር ባቡር ምክንያት የተቈረቈረችው ድሬዳዋ ደግሞ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ነጻ የንግድ ቀጠና አስመረቀች። በነጻ ቀጠና የገባ ዕቃ ከአገር ውጭ እንዳለ ይቈጠራል፤ ቀረጡ የሚከፈለው ከአጥሩ ወጥቶ ወደ አገር ውስጥ ሲገባ ነው። በኋላም የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቍጥር 1322/2016 ወጥቶ ሥርዓቱን አሰፋው።

እንግዲህ ለባልቴቲቱ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው፤ ምሕረቱ የተሰጠው ለባለ ገንዘቡ ነው። የልጅቱ ደመወዝ በሕግ ከተወሰነው መጠን ካለፈ የሥራ ግብር ይቈረጥበታል። መንግሥት ባለ ገንዘቡን የሚምረው ሥራ ይከፍታል፥ በሥራውም በኩል በረከቱ ለልጅቱና ለእናቷ ይደርሳል በማለት ነው። ታዲያ ይደርሳልን? ይህን ከሌላው ዓለም ሥራ መመርመር ይቻላል።

በአየርላንድ ሻነን በምትባል ሥፍራ አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመቅዳት ያርፉ ነበር። ሳያርፉ የሚያልፉ አውሮፕላኖች በመጡ ጊዜ ሥፍራዋ ባዶ እንዳትቀር፥ በ1959 እ.ኤ.አ. ነጻ ቀጠና ተቋቋመላት። ነገር ግን የግብር ምሕረቱ ብቻውን አልቀረም፤ ከጎኑ ለሠራተኛው መኖሪያ የሚሆን አዲስ ከተማ ተሠራ። በለንደን የመርከብ ወደቦች ሲዘጉ ደግሞ፥ በ1982 እ.ኤ.አ. አይል ኦቭ ዶግስ ለሚባለው ሰፈር የ10 ዓመት የቤት ግብር ምሕረት ተሰጠው። ታላላቅ ሕንጻዎች ቢቆሙበትም፥ የምሕረቱ ጥቅም በኪራይ ንረት በኩል ብዙውን ወደ ባለ መሬቱ ሄደ፤ አንዳንዱም ድርጅት ከጎረቤት ሰፈር ተነቅሎ የመጣ እንጂ አዲስ አልነበረም።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች ሥራ አገኙ፤ ነገር ግን የቤት ኪራዩ ከደመወዛቸው ጋር አልመጣጠን ስላለ ብዙዎቹ ሳይቈዩ ተመለሱ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም አሜሪካ ያለ ቀረጥ የማስገባቱን ዕድል ከኢትዮጵያ ስላነሣች በየፓርኩ ሥራ ቀነሰ። በውስጥ የተማረ ግብር በውጭ የተዘጋን በር አይከፍትም። የባሕር ዳሩም ፓርክ ሥራ ቢጀምር፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ደቡብ ጎንደር ደጋ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። መንገድ ሰላም ካልሆነ፥ ኬላው ቢነሣም ነጋዴ አይመጣም።

ስለዚህ ሹማምንትና ባለ ርስት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ግብር ስለ መማር ስትመክሩ፥ ከምሕረቱ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቁ ዘንድ እንለምናለን። የሚመጣው ሰው አዲስ ሥራ ይከፍታልን ወይስ ከጎረቤት ይነቅላል? ለሠራተኛዪቱ ማደሪያ ተዘጋጅቶላታልን? የፎገራ ሩዝና የደራ በርበሬ በዚያው አገር ተፈትጎና ተፈጭቶ፥ ተሽጎም ለገበያ የሚወጣበት መብራትና መንገድ አለን? የተማረው ግብር ከሕዝብ ዕቃ ቤት የቀረ ገንዘብ ነውና፥ ወሮታው ሊታይ ይገባዋል።

ከሐሙሲት ስንነሣ ባልቴቲቱ አንድ እፍኝ በርበሬ በወረቀት ቋጥረው ሰጡን፤ ዋጋውን ብንሰጣቸውም እንቢ አሉን። «ይህስ የመንገድ ስንቅ ነው፤ ለልጄ ነገር ግን መልሱን ላኩልኝ» አሉን። ይህም ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን የላክንላቸው መልስ ነው።