ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች የአገር ቤት ተራራ ሲናፍቀን የምንወጣበት መንገድ አለ። ስካይላይን ድራይቭ ይባላል። ከፍሮንት ሮያል ከተማ ተነሥቶ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሸንተረር ላይ 105 ማይል ይጠማዘዛል። እኔም ባለፈው ዓመት ቅጠሉ ሲቀላ በሞተር ብስክሌት ልወጣው ቆረጥኩ።

ሞተሯን የገዛሁት ያን ክረምት ከአንድ ግለሰብ ነበር። "ጎማዋ አዲስ ነው" አለኝ። ጥርሱ አለመበላቱን አየሁና አመንኩት።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ዘይት ልቀይር፣ ካቴና ልቀባ ቁጭ ብዬ ሳለ ጎረቤቴ ጋሼ ከሌሊት የታክሲ ሥራቸው ተመለሱ። (ስሜ ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ብለውኛል።) ጋሼ መርካቶ ጎማ ተራ የሠሩ ጎሚስታ ነበሩ። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ ጎን አነበቡ።

"ይህን ቁጥር አይተኸዋል?"

1114 ይላል። የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። እንግዲህ ጎማዬ የተሠራው በ2014 (እ.ኤ.አ.) በ11ኛው ሳምንት ኖሯል። ከአሥር ዓመት በላይ! ጎኑን በጣታቸው ሲጫኑት እንደ ክረምት ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነው።

"ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ልጄ" አሉኝ።

አዲስ ጎማ ገዝቼ መጣሁ። ጋራዥ ልውሰደው ብል "እኔ እያለሁ?" ብለው ተቆጡ። የፐርኖውን ዳዶ ፈታን፣ ነፋሱን አስተነፈስን። ከባዱ ሥራ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀውን የጎማ ከንፈር ማላቀቅ ነው። ሳሙና ውኃ ቀባን፤ ቸርኬው እንዳይጫር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጠን ከብረቱ ሥር አነጠፍን። አንዱን ጎን በጉልበታችን ወደ ቸርኬው መሐል ጎድጓዳ ስንጫነው ሌላው ጎን በቀላሉ ወጣ። አዲሱን ስናስገባ ጋሼ በጎኑ ያለውን ቀስት ሁለት ጊዜ አሳዩኝ። ጎማው የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ነውና ተገልብጦ አይገባም። ከዚያ ካቴናውን መመሪያው በሚለው ልክ አላላን። ጣሊያን ከተባረረ ስንት ዘመኑ፤ ቋንቋው ግን ከእኛ ጋር ቨርጂኒያ ድረስ ተሰዷል።

ልነሣ ስል ያዙኝ። "ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ!" ረገጥኩ፤ ባዶ ነበር። ጎማ ሲወልቅ የፍሬኑ ሸራ ስለሚሸሽ፣ ካልተረገጠ አይመለስም። ያን ሳላደርግ ብወጣ ኖሮ የመጀመሪያው መብራት ላይ የኋላው ፍሬን ባዶ ይሆንብኝ ነበር። አዲስ ጎማ ስለሚያንሸራትትም መጀመሪያ 100 ማይል ያህል በእርጋታ እንድነዳ አስጠነቀቁኝ።

ስካይላይን ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ለአዲስ ጎማ የታዘዘ ይመስላል። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 3,680 ጫማ ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተራራው ተበስቶ በተሠራው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ስገባ ጣርማ በር ትዝ አለኝ። ወጣሁና ከጠርዙ ቆሜ ሸለቆውን ቁልቁል አየሁ። ትዝታው ወዲያው ጠፋና 1114 የሚለው ቁጥር መጣብኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሞተር የሌላችሁ አንባብያንም ዛሬ ማታ ወደ መኪናችሁ ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ ያችን ቁጥር አንብቧት።